በርሊን ወይስ ቱሪንገን? ለሦስት ቀን የባቡር ጉዞ የቱ ይሻላል?

ከፍራንክፈርት ለምትነሱና ሦስት ቀን ብቻ ላላችሁ ታሪክ ወዳዶች ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ። አንዱ በርሊን ነው። ሌላው ቱሪንገን ክልል ውስጥ ኤርፉርት አልጋ ይዞ ወደ ጎታ፣ አይዝናህና ቫይማር መመላለስ ነው። ሁለቱንም እናዳርስ ካላችሁ ቀናችሁ ባቡር ላይ ያልቃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በርሊን በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኤርፉርት ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ሌሎቹ ሦስት የቱሪንገን ከተሞች ከኤርፉርት ጋር አንድ ሐዲድ ላይ ናቸው፤ አንዱም ከኤርፉርት አንድ ሰዓት አይርቅም።

ያለፈው መቶ ዓመት ታሪክ የሚስበው በርሊንን ይምረጥ። በርናወር ሽትራሰ ሂዱና ቁሙ። እዚያ የምሥራቅና የምዕራብ በርሊን ድንበር የቤቶቹ ፊት ነበር፤ ቤቱ ምሥራቅ፣ የእግረኛ መንገዱ ምዕራብ። በ1961 ድንበሩ ሲዘጋ ሰዎች በመስኮት እየዘለሉ ያመለጡት ለዚህ ነው። የበርሊን ግንብ መታሰቢያው በነጻ ይጎበኛል። ቪልሄልም ሽትራሰ ደግሞ አውሮፓውያን በ1884 አፍሪካን ለመቀራመት የተሰበሰቡበት ነው። ሕንጻው ግን ዛሬ የለም፤ የቀረው ሰሌዳ ነው። በርሊን ብዙ ቦታ እንዲህ ነው። ጦርነት ያፈረሰውን ታሪክ ከሰሌዳ ታነባላችሁ።

ቱሪንገን ግን ግድግዳው ራሱ ቆሟል። ኤርፉርት መሀል ከ1325 ጀምሮ የቆመው የድንጋይ ድልድይ ላይ ዛሬም ሰው ይኖራል። አይዝናህ ላይ ቫርትቡርግ ግንብ ውጡ፤ ዳገቱ ያደክማል። ማርቲን ሉተር ተደብቆ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የመለሰበት ክፍል እዚያ ነው። ሰይጣን ላይ ቀለም ወረወረ ይባላል። ጎብኚዎች የቀለሙን ነጠብጣብ ለማስታወሻ ሲፍቁ ኖረው የግድግዳው ልስን ተልጦ አልቋል።

ለእኔ ትልቁ ግን ጎታ ነው። ኢትዮጵያዊው ቄስ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ከሮም ወደዚህ መጡ። የጎታው መስፍን ኧርንስት ነበር የጋበዛቸው። የኤርፉርቱ ተወላጅ ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝንና አማርኛን ከእሳቸው ተማረ፤ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱንም በ1698 ፍራንክፈርት አሳተመ። ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ ያገራችን ቄስ እየጠየቁና እየመለሱ እዚህ ነበሩ ብዬ ሳስብ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር በርሊን ላይ አላገኘሁም።

ቫይማር የምትሄዱ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ የነበረውን ቡኸንቫልድን አትለፉ። ከባቡር ጣቢያው 6 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳችኋል። 56,000 ገደማ ሰው አልቆበታል። የበሩ ሰዓት ካምፑ ነጻ በወጣበት 3፡15 (በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ) ላይ ቆሟል። ግማሽ ቀን ስጡት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጉብኝት አትያዙ።

ስለ ቲኬት፦ የፈጣኑ ባቡር ቅናሽ ቲኬት ቀድሞ ለገዛ ይረክሳል፤ ነገር ግን ለዚያችው ባቡር ብቻ ነው። ቱሪንገን ውስጥ ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ የክልሉ የቀን ቲኬት እስከ አምስት ሰው ይይዛል። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በእነሱ 9፡00) በፊት አይሠራም፤ ፈጣን ባቡር ላይም አያሳፍርም። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው የወር ቲኬት ያለው ሰው ለቱሪንገን ውስጡ ሌላ አያስፈልገውም።

ሰኞ ብዙ ሙዚየም ዝግ ነው። ዓርብ ጠዋት ተነሱ፣ እሑድ ማታ ተመለሱ።