ለጠበቃችን ምስጋና፣ ጉዳዩ ላለባችሁ ጥቆማ

ይግባኙን ረታን! ፋሚሊ ፐርሚቱም (የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ቤተሰብ እንግሊዝ የሚገባበት ፈቃድ) ወጥቶ ይኸው ለንደን ገብቻለሁ። ጠበቃችንን ሳላመሰግን ባልፍ ግን እግዜርም አይወደው።

ፍቅረኛዬ ጣሊያናዊ ነው። አልተጋባንም፣ ጣጣው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። አዲስ አበባ አብረን ኖረን፣ እሱ ብሬግዚት (እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ) ሳይገባደድ ለንደን ሄደ፣ እኔ በኮቪድ ቀረሁ። ሳመለክት "ዘላቂ ግንኙነት ለመኖሩ በቂ ማስረጃ የለም" ተባልኩ። አንድ አማካሪ ደግሞ ቶሎ ተጋቡና እንደገና አመልክቱ አለን።

ጠበቃችን ገና ስታገኘን የጠየቀችን አንድ ነገር ነው፦ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ የብሬግዚት መሸጋገሪያ ጊዜ ባበቃበት ቀን፣ የት ነበራችሁ? ከዚያ በኋላ ብትጋቡም ግንኙነታችሁ በዚያ ቀን እንደነበረ ማሳየት አይቀርላችሁም አለች። ሁለት ዓመት አብሮ መኖር የተለመደው መለኪያ ቢሆንም ሌላ ጠንካራ ማስረጃም ይታያል። የቴሌግራም ወሬያችንን ክምር አትሜ ባቀርብላት "ፍቅራችሁን ተይው፣ ኑሯችሁን አሳዪኝ" ብላ መለሰችኝና የቤት ኪራይ ውላችንን፣ የአከራያችንን ደብዳቤ፣ የተላላክነውን ገንዘብ አስተርጉማ በቀን በቀኑ ደረደረችው። ከኢትዮጵያ ሆኜ በቪዲዮ ልመስክር ብል የአገሩ መንግሥት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ቀድማ ነግራን ስለነበር፣ ችሎቱ ላይ የቀረበው እሱ ብቻ ነው፤ የእኔ ቃል በጽሑፍ ገባ።

የበለጠ የወደድኳት ግን በአንዲት ሴት ጓደኛዬ ጉዳይ ነው። የጓደኛዬ ፍቅረኛ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ እዚሁ እንግሊዝ ያለ ወረቀት ነበር፣ ሬዚደንስ ካርድም (የአውሮፓ ዜጋ ቤተሰብ የሚያወጣው የመኖሪያ ካርድ) አላወጣም። ጠበቃችን፣ እንደሱ ካርዱን ያላወጣና ኮቪድ ሠርጉን ያስተላለፈበት ቼሊክ የሚባል የቱርክ ዜጋ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መሸነፉን አስረድታ፣ "በዚህ መንገድ ገንዘባችሁን አልበላም፣ በሰብዓዊ መብት በኩል የሚሄድ ካለ እንየው" አለቻት። ስንቱ ተቀብሎ ዝም ይል ነበር!

ርካሽ አይደለችም፣ እሱን ልንገራችሁ። የፍርድ ቤቱ ክፍያ ለብቻው ነው፣ እኛ ችሎት ስለጠየቅን 140 ፓውንድ ከፍለናል፣ በወረቀት ብቻ ለሚታይ 80 ነው። እምቢታው ከመጣባችሁ ደግሞ አትቀመጡ፦ እንግሊዝ ውስጥ ላለ 14 ቀን፣ ውጭ ላለ 28 ቀን ብቻ ነው ያለው።

ስሟን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስልክ አታነሳም፣ ኢሜይል ጻፉላት፣ የእምቢታውን ደብዳቤም ሙሉውን አያይዙት።