ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ሲመረጥ፦ መዝጊያና ምላጭ ጎን ለጎን

የድሮ ዘይቤ ያለው ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በሰደፉ እንጨትና በአፈሙዙ ርዝመት ላይ ነው። ሁለቱም ያምራሉ፤ ገንዘብ ሊወጣባቸው የሚገባው ግን መዝጊያውና ምላጩ ናቸው። መዝጊያው፣ ማለትም ጥይቱ ከገባ በኋላ አፈሙዙን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ የትኛውን ጥይት ያለ ስጋት መተኮስ እንደሚቻል ይወስናል። ዒላማ ወደ መምታት ሲመጣ ግን ምላጩ ከመዝጊያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ የማወዳድረውም በዚሁ ዓይን ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። በ1874 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ በሚገኘው የክሪድሙር ተኩስ ሜዳ አሜሪካና አየርላንድ በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ተወዳደሩ። አሜሪካውያኑ ከኋላ የሚጎርሱትን ሻርፕስና ሬሚንግተን ያዙ፤ አይሪሾቹ ደግሞ ከፊት በአፈሙዙ ጫፍ የሚጎርሰውን ሪግቢ። አሜሪካውያኑ 934 ለ931 አሸነፉ። በአሠራር ጨርሶ የማይገናኙ ጠመንጃዎች ይዘው የቀረቡ ሁለት ቡድኖች በሦስት ነጥብ ብቻ ከተለያዩ፣ «የትኛው መዝጊያ በደንብ ይመታል?» ማለት ሩቅ አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት የትኛው መዝጊያ ለሚተኮሰው ጥይትና ለአተኳኮሱ እንደሚመች ነው።

መዝጊያዎቹ

የሻርፕስ አሠራር በክርስቲያን ሻርፕስ የ1848 የፈጠራ መብት ይጀምራል። እጀታው ወደ ታች ሲሳብ ወፍራሙ የብረት መዝጊያ በተቀረጸለት መንገድ ይወርዳል፣ ሲመለስ ይወጣል። መምቻው፣ ማለትም ምላጩ ሲለቀው ወድቆ መርፌውን የሚመታው ብረት፣ ከጎን ተንጠልጥሎ በአውራ ጣት የሚሳብ ነው። ትልቅና ከባድ ስለሆነ ምላጩ ከተለቀቀበት እስከ ተኩሱ ድረስ ያለው ቅጽበት ከሌሎቹ ይረዝማል። ተደግፎ ለሚተኩስ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ቆሞ ለሚተኩስ ግን በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ከዒላማው ይወጣል። ሌላም ልማድ ይጠይቃል፦ መዝጊያው ከመከፈቱ በፊት መምቻውን ግማሽ መሳብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጥይቱን ወግቶ የሚያቀጣጥለው መርፌ ጫፉ ይጎዳል። ጥቁር ባሩድ ለሚወድ ሰው ከሻርፕስ የበለጠ የሚያረካ ጠመንጃ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በሞንታና ግዛት ቢግ ቲምበር ከተማ ሺሎ እና ሲ. ሻርፕስ፣ በጣሊያን ደግሞ ፔደርሶሊ ዛሬም ይሠሩታል።

የሬሚንግተኑ ሮሊንግ ብሎክ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሁለት ብረቶች በሁለት ወፍራም ካስማዎች ላይ ይዞራሉ፤ አንዱ መዝጊያው፣ ሌላው መምቻው። መምቻው ሲወድቅ ከመዝጊያው ሥር ገብቶ ይደግፈዋል፤ ተኩሱ ወደ ኋላ በገፋ ቁጥር ሁለቱ ይበልጥ ይቆላለፋሉ። የሚሰበር ነገር እምብዛም የለውም። ድክመቱ ጥይቱን ገፍቶ የሚያስገባ ጉልበት ስለሌለው ነው። የባሩድ ጥላሸት መጉረሻውን ሲያጠበው ጥይቱን በአውራ ጣት እስከ መጨረሻው መግፋት ግድ ይላል፤ የተጣበቀ ቀለህ ሲያጋጥምም የሚያግዝ እጀታ የለም። ከኋላ በኩል ዘንግ አስገብቶ ለመወልወል ብዙ ጊዜ መዝጊያውንና መምቻውን ማውለቅ ያስፈልጋል። አሮጌውን የሚገዛ ሰው መምቻውን ስቦ መዝጊያውን በጣቱ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይነቅንቀው። የሚንቀጫቀጥ ከሆነ ካስማዎቹ ወይም ቀዳዳዎቻቸው ተበልተዋል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በርካሽ አይጠገንም።

ዊንቸስተር 1885 የጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው። የፈጠራ መብቱን በ1879 አገኘ፣ ዊንቸስተር ገዝቶት እስከ 1920 ሠራው። የመዝጊያው ቤት ግድግዳ ከፍ ያለው ሃይ ዎል ለትልልቅ ጥይቶች ነው። ዝቅ ያለው ሎው ዎል ለትንንሾቹ ነው፤ ለጣት ሰፊ ቦታ ይተዋል፣ ያን ያህል ጠንካራ ግን አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ሃይ ዎልን ነው። መዝጊያው በትንሹ ዘመም ብሎ ስለሚወጣ ጥይቱን በመጨረሻዋ ትንሽ ርቀት ገፋ አድርጎ ያስገባዋል። መምቻው መሐል ላይ ያለና አጭር ርቀት የሚጓዝ ስለሆነ ተኩሱ ይፈጥናል። ሲከፈት መምቻውም አብሮ ስለሚወርድ የመወልወያ ዘንግ ከኋላ ቀጥ ብሎ ይገባል። በጃፓን ሚሮኩ፣ በጣሊያን ኡበርቲ ሠርተውታል። አንድ ነገር ግን ሳይጠይቁ አይግዙ፦ እጀታው ሲዘጋ መምቻው ሙሉ በሙሉ ተስቦ ይቀራል ወይስ ግማሽ ላይ ያርፋል? እንደ አሠራሩ ይለያያል፤ ለአዳኝ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሩገር ቁጥር 1 በ1967 ለገበያ ሲቀርብ ጆን ፋርካርሰን በ1872 ስኮትላንድ ውስጥ ያወጣውን አሠራር መነሻ አድርጎ ነበር። መምቻው ከውስጥ ነው፣ የደኅንነት ቁልፉ ከላይ በአውራ ጣት የሚገፋ ነው። ዘመናዊ ኃይለኛ ጥይት ለሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። የሚታወቅበት ችግር የፊት እጀታውን የሚሸከመው ከመዝጊያው ቤት ወደ ፊት የወጣው ብረት ነው፤ እንጨቱ አፈሙዙን የሚጫነው ያለ እኩልነት ሲሆን ጥይቶቹ ይበታተናሉ። ደግነቱ ችግሩ በእንጨት ሥራ ይስተካከላል።

እንግሊዝ በ1871 የተቀበለችው ማርቲኒ ሄንሪ መዝጊያው ከኋላ ታጥፎ ፊቱ የሚወርድ ነው። የሚመታው ቀጥ ብሎ የሚወረወር መርፌ ስለሆነ ፈጣን ነው፤ መወልወል ግን በአፈሙዙ ጫፍ በኩል ብቻ ነው። ትንንሾቹ የ.22 ማርቲኒዎች ለልምምድ ግሩም ናቸው። ስናድርንና የ1873ቱን የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ስፕሪንግፊልድን ለታሪካቸው የሚፈልግ ይግዛቸው፤ ለጠንካራ ጥይት አልተሠሩም።

ስለ ጥንካሬ ሳነሣ በተለይ .45-70 የሚባለውን የድሮ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ገዢ ልብ ይበል። የዚህ ጥይት መደበኛ የግፊት ጣሪያ 28,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ የኋለኛው ዘመን ጥይት የ.30-06 ደግሞ 60,000። ሃይ ዎልና ሩገር ከመደበኛው በላይ መቻላቸው የታወቀ ስለሆነ ለእነሱ ተብሎ የሚሞላ ጠንካራ .45-70 አለ፤ ያው ጥይት በስፕሪንግፊልዱ ውስጥም ልክክ ብሎ ይገባል። ጠመንጃው ቢጎርሰውም ይችለዋል ማለት አይደለም። በአሮጌ ጠመንጃ ከመተኮስ በፊት ጠመንጃ ሠሪ ያሳዩት፤ የተተኮሰ ቀለህም ጠይቀው ቂጡን ይመልከቱ። መርፌው የሚመታት በቂጡ መሐል ያለች ተቀጣጣይ ካፕሱል ብረቷ በመርፌው ጉድጓድ ዙሪያ እንደ ከንፈር ወደ ውጭ ከወጣ የመርፌው ቀዳዳ ሰፍቷል፤ ቀዳዳው በአዲስ ብረት ካልጠበበ ጢስ የለሽ ባሩድ አይገባውም።

ምላጩ

ተራው ባለ አንድ ምላጭ ለአደን ይበቃል፤ ከዚያም አልፎ ይሻላል። ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ክብደት ያለው፣ ሳይንሸራተት እንደ ብርጭቆ ጥርቅ ብሎ የሚለቅ ምላጭ ካገኙ ሌላ አያስፈልግም። የብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ምላጭ ግን ከዚህ በእጥፍ ይከብዳል፣ ሲሳብም ይጎረብጣል። ይህን ማቃለል የባለሙያ ሥራ ነው፦ የተሳበውን መምቻ ይዞ የሚያቆየው የመያዣው ጥርስ ያለ ልክ ከተሞረደ መምቻው በትንሽ ግጭት ይወድቃል።

ባለ ሁለቱ ምላጭ የዒላማ ተኳሽ ምርጫ ነው። የኋለኛው ሲሳብ ውስጥ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ይወጠራል፤ የፊተኛው ከዚያ በኋላ በጥቂት ግራም ንክኪ ይለቃል። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩት ልዩነት አለ። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ የሻርፕሱ፣ ሳይዘጋጅም በፊተኛው ምላጭ ብቻ ይተኩሳል፣ ከበድ ይላል እንጂ። ሌላው ዓይነት ደግሞ ምላጩ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ መምቻው ተስቦ አይቆምም። እጀታው ራሱ መምቻውን በሚስብበት ጠመንጃ ላይ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ካለ፣ ከእያንዳንዱ መክፈት በፊት ምላጩን ማዘጋጀት ሊረሳ አይገባም። ባለ ሁለቱን ምላጭ ለአደን አልመክረውም፤ በጓንት ወይም በቀዘቀዘ ጣት ከ300 ግራም በታች የሆነ ምላጭ ሳይታሰብ ይተኩሳል። ተዘጋጅቶ ሳይተኮስ ከቀረም መጀመሪያ መዝጊያው ይከፈት፣ ጥይቱ ይውጣ፣ ከዚያ ምላጩ ይፈታ።

ወደ ፊት ተገፍቶ የሚዘጋጀው ነጠላ ምላጭ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ቦታ አያባክንም፣ ሳይዘጋጅ እንደ ተራ ምላጭ ያገለግላል። በጥሩ እጅ ካልተሠራ ግን ቶሎ ይዛነፋል።

እንደ እኔ ቢሆን ለአደን ሃይ ዎል ወይም ሩገር ከተራ ጥሩ ምላጭ ጋር እይዛለሁ። ከ200 እስከ 500 ሜትር በሚደረገው የጥቁር ባሩድ የብረት ዒላማ ውድድር ግን ሻርፕስን ከባለ ሁለት ምላጭ ጋር አስቀድማለሁ። የጠመንጃው ክብደት እዚያ እስከ 12 ፓውንድ ከ2 አውንስ፣ ማለትም 5.5 ኪሎ ገደማ ስለሚፈቀድ ከባድ አፈሙዝም ይቻላል።

ባለ ሁለት ምላጭ ያለው ሻርፕስ ሲገዙ በሻጩ ፈቃድ አንድ ሙከራ ያድርጉ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፣ መምቻውን ይሳቡ፣ ምላጩን ያዘጋጁ። መምቻውን በአውራ ጣት አጥብቀው ይዘው የፊተኛውን ምላጭ ይንኩና ቀስ እያሉ ያውርዱት። ግማሽ ላይ ቀጭ ብሎ ከተያዘ፣ የመያዣውን ጥርስ ከግማሹ ጥርስ በላይ የምታሳልፈው ፍላይ የሚሏት ትንሽ ብረት ወይ የለችም ወይ አትሠራም። ያለ እሷ በተተኮሰ ቁጥር ሁለቱ ጥርሶች ይጋጫሉ፣ ይሰባበራሉ። እስክትገጠም ድረስ ገንዘብዎን አይክፈሉ።