ውሃው ሳይቆም አልቀባም ላለኝ ቀለም ቀቢ የኮምቦልቻ ልጅ ምስጋና፣ ቤት ለምታሳምሩ የደሴ ሰዎችም ጥቆማ

ሰላም የደሴ ልጆች እንዴት ከረማችሁ። ይሄን ምስጋና አምና ህዳር ላይ ነበር መጻፍ የነበረብኝ ግን ሆን ብዬ አቆየሁት፣ ክረምቱ ይለፍና ግድግዳው ይፈተን ብዬ። ይሄው ሐምሌና ነሐሴ ያ ሁሉ ዝናብ ያ ሁሉ ጉም አለፈ፣ የሳሎናችን የኋላ ግድግዳ አንድ ቦታ እንኳን አላበጠም አልተላጠም፣ ስለዚህ አሁን በሙሉ አፌ እመሰክራለሁ።

ቤታችን ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፣ ደሴ ላይ እንደሚበዛው ዳገቱ ተቆርጦ የተሰራ ስለሆነ ከኋላ በኩል አፈሩ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ካቻምና ለእህቴ ኒካህ ቤቱን ላሳምር ብዬ ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ቀለም ቀቢ አስገባሁ፣ በሶስት ቀን ቀብቶ ሄደ፣ ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። ነሐሴ ሳይጋመስ ከታች ጀምሮ ውሃ እየቋጠረ አበጠ፣ ሲነኩት ይፈረከሳል፣ ስሩ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ወጣበት፣ ክፍሉም ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ጀመረ። እማዬ አስም ስላለባት ሳሎን መቀመጥ ተወች። ብሩም አንገብግቦኛል፣ የሷ ግን ባሰብኝ።

መስከረም ላይ የስራ ባልደረባዬ ይሄን ልጅ ጠቆመችኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ስራ ሲኖረው ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣል። እኔ እንግዲህ ፍቆ ላዩ ላይ የሚደግምልኝ መስሎኝ አዲስ ቀለም ሁሉ ገዝቼ ነው የጠበቅኩት። ልጁ ብሩሽም አላወጣ፣ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ፣ እማዬን "እማማ ክረምት ላይ ከየት ጀምሮ ሲረጥብ ነው ያዩት?" ብሎ ጠየቃት፣ ከዛ ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ቆርጦ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፈና ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሲያነሳው ላስቲኩ በግድግዳው በኩል ላብ የመሰለ ውሃ ይዟል። ውሃው በክፍሉ በኩል ቢሆን የቤቱ እንፋሎት ነው፣ መስኮት እየከፈታችሁ ማናፈስ ነበር፣ በዚህ በኩል ከሆነ ግን ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው አለኝ። ዞረን ስናይ እውነትም አሸንዳው ተበስቶ ውሃው ቀጥታ እዛው ጥግ ላይ ይወርዳል፣ የኋላው አፈር ደግሞ ከቤታችን ወለል በላይ ከፍ ብሏል።

"እህቴ አሁን ብቀባልሽ ብርሽን መውሰድ ነው፣ መጀመሪያ ውሃውን አስቁሚ" አለኝ። ስራ ፈልጎ ነው የመጣው፣ ቀለሙ ተገዝቷል፣ ቀብቶ ሂሳቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር እኮ።

ያን ቀን የሰራው ቢኖር አሮጌውን ቀለም መፋቅ ነው፣ ግድግዳው ይተንፍስ ብሎ። እሱንም የእህቴን ልጆች ከቤት አስወጥቶ፣ ብናኝ እንዳይነሳ እያረጠበ ነው የፋቀው፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል ለህጻን መርዝ ነው ብሎ። (ይሄን እኔ ጭራሽ አላውቅም ነበር፣ ልጅ ያላችሁ ልብ በሉ።) አሸንዳውን አስቀየርን፣ አፈሩን በቀን ሰራተኛ ከወለሉ በታች አስወረድን፣ ቦይ አስቆፈርን፣ የተፈረከሰው ልስን ተነስቶ በአዲስ ተለሰነ። አዲስ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ይፈልጋል አለ፣ እኛ ስድስት ሳምንት ጠበቅን። በመሀል ሁለቴ መጥቶ ላስቲኩን ለጥፎ አይቷል፣ ለዛ አምስት ሳንቲም አልጠየቀኝም።

ህዳር ላይ የወጣውን ጨው በደረቅ ብሩሽ አራግፎ፣ ስታኮ (የግድግዳ ማለስለሻውን ሊጥ) አድርጎ አለስልሶ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን) ከዛ ሁለት እጅ ቀለም። ሂሳቡንም ፊቴ ነው የሰራው፣ ሳሎኑ 5 በ4 ነው፣ ዙሪያው 18 ሜትር፣ ከፍታው 2.80፣ ሲባዛ 50 ካሬ አካባቢ፣ በርና መስኮት ሲወጣ 44፣ ሁለት እጅ ሲሆን 88፣ አንድ ሊትር ለአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ስለሚሸፍን 11 ሊትር ይበቃል። በቃም። የመጀመሪያው ሰውዬ ያስገዛኝ ለዚሁ ክፍል የዚህን እጥፍ ነበር።

የቀለም ምርጫውም ላይ አድኖኛል። የገዛሁት ግራጫ ነበር፣ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት አይቼው ልቤን ወስዶት። ልጁ እዛ ያማረሽ ፀሐይዋ ነች አለኝ፣ ኮምቦልቻ እኮ ከኛ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች ብርሃኗም ሌላ ነው፣ እኛ ጋ ጉም አለ ፀሐይም ቶሎ ጦሳ ተራራ ጀርባ ትገባለች። ሶስት ትልልቅ ካርቶን በሶስት ቀለም ሁለት ሁለት እጅ ቀብቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎልኝ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በመብራት እይው አለኝ። ግራጫው አመሻሽ ላይ ያልተቀባ ሲሚንቶ መሰለ። ያልተከፈቱትን ጣሳዎች ባለሱቁ በክሬም ለወጠልኝ አላህ ይስጠው። አምፖሉንም ቀየርኩ፣ የድሮው ማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም ቁጥር) የሚለው ነጭ ብርድ ብርድ የሚል ነበር፣ አሁን 3000 የሚለው ሞቅ ያለው ነው።

ሶፋማ የሱ ስራ አልነበረም። ኤል ሼፕ ላሰራ ነው ስለው ጠመኔ አምጥቶ ልኩን ወለሉ ላይ አሰመረልኝና "የቡናው ቦታ የት ነው?" አለኝ። እማዬ ሳቀች። እውነትም ሶፋው ቢገባ ረከቦቱ በር ላይ ሊቀመጥ ነበር፣ አቦል ቶና በረካ የሚጠጣበት የወሎ ቤት ውስጥ! ሰው የሚያልፍበት 90 ሴንቲ ተወት አድርጎ ሲለካ ቀጥ ያለው ሶፋ ከሁለት ዱካ ጋር ይበቃ ነበር፣ እሱን አሰራሁ። ጥር ላይ ለኒካሁ ያ ሁሉ ዘመድ መጥቶ ማንም በማንም እግር ላይ አላለፈም።

ወንድሜ አላህ እድሜና ጤና ይስጥህ፣ እማዬ ዛሬም ያንን ግድግዳ ተደግፋ ነው ቡና የምታፈላው። ደሴም ኮምቦልቻም ይሰራል፣ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። የውጪ ግድግዳ ግን ሐምሌና ነሐሴ ብትለምኑትም አይቀባም፣ እንዲያደርስላችሁ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ጥቅምት ሳያልቅ ያዙት።