ገንዘባችሁን ስታወጡ የምታጡት ምንድን ነው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢዎች የስቴኪንግ ንጽጽር

የስቴኪንግ፣ ማለትም ክሪፕቶን አስይዞ ትርፍ የማግኘት፣ ማስታወቂያ ሁሉ የሚጀምረው ከትርፉ ነው። በዓመት ይህን ያህል በመቶ ይላል፤ ያ ቁጥር ትልቅ ሲሆን ዓይን ይስባል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ክሪፕቶ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ነገ ጠዋት ገንዘቤን ላውጣ ብል ምን ይቀርብኛል? ምርቶቹ በእርግጥ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. እንደ ቢትኮይን ባሉ ዲጂታል ገንዘቦች መገበያየት በአገሪቱ ያልተፈቀደ መሆኑን ለሕዝብ ማሳሰቡ ይታወስ። ገንዘቡ ቢጠፋ አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም ማለት ነው። ትርፉ ወለድ ነው ወይስ አይደለም የሚለውም በከተማችን ደጋግሞ የሚነሳ ከባድ ጥያቄ ስለሆነ፣ መልሱን ከምታምኗቸው ዑለማ ጠይቁ።

ስቴኪንግ በአጭሩ ቶክንን (የአንድ ፕሮጀክት ዲጂታል ሳንቲም) አስይዞ ድርሻ ማግኘት ነው። አንዳንድ ፕሮጀክቶች በዚያ ላይ ነጥብ ይጨምራሉ። በቆያችሁ ቁጥር ነጥቡ ያድጋል፣ የትርፍ ድርሻችሁም አብሮ ከፍ ይላል፤ ስትወጡ ነጥቡ ይቃጠላል፣ ማለትም ይሰረዛል። ይህ የተፈለሰፈው በከንቱ አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይበልጥ እንደሚከብደው አሳይተዋል። በስልካችሁ ላይ በየቀኑ ሲያድግ ያያችሁት ቁጥር አንዴ «የእኔ» ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን እጅ ለመልቀቅ ያስቸግራል። ፕሮጀክቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሰው ዋጋ በወረደ ቁጥር እየተሯሯጠ እንዳይሸጥ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ጂኤምኤክስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ይዞት የመጣው ደንብ ከዚህ ዓይነቱ የተሻለው ነበር። 1,000 ቶክን ያስያዘ ሰው በጊዜ ብዛት 500 ነጥብ አጠራቀመ እንበል። 300 ቶክን ቢያወጣ የሚቃጠልበት 150 ነጥብ ነው፤ 700 ቶክንና 350 ነጥብ ይቀሩታል። የወጡት 300 ቶክኖች አይነኩም። ቅጣቱ ካወጣው ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ጥቂት ያወጣ ሰው የለፋበትን በሙሉ አያጣም። እንዲህ ያለ ደንብ በባለቶክኖቹ ድምፅ ሊለወጥ ስለሚችል ግን በገዛችሁበት ዕለት የሚሠራበትን አንብቡ።

አቫላንች በተባለው የክሪፕቶ መረብ ላይ የነበረው ፕላቲፐስ የተባለ መለዋወጫ የሄደበት መንገድ ሌላ ነበር። ከተያዘው ቶክን ትንሽም ብታወጡ የተጠራቀመው ነጥብ በሙሉ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር። ብዙዎች ይህን «ጽናትን ያበረታታል» ብለው ያሞግሱታል። እኔ አልስማማም። ሰው ባመነበት ሲቆይ ጽናት ነው፤ ስለፈራ ሲቆይ ግን ታስሯል። የሚታሰረውም መውጣት በሚገባው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ፕላቲፐስ ተጠቅቶ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተዘርፏል። ነጥብ ምንም ያህል ቢበዛ ከእንዲህ ያለው ቀን አያድንም። የዚህ ዓይነት ደንብ ያለውን ምርት ለማንም ወዳጄ አልመክርም።

ከርቭ የተባለው የክሪፕቶ መለዋወጫ አሠራር ቢያንስ ግልጽ ነው። ቶክኑ እስከ 4 ዓመት ይቆለፋል፤ ለ4 ዓመት የቆለፈ በፕሮጀክቱ ውሳኔዎች ላይ ሙሉ የድምፅ መብት ያገኛል፣ ለ1 ዓመት የቆለፈ ሩቡን ብቻ። የመክፈቻው ቀን በቀረበ ቁጥር መብቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ውሳኔው በመጀመሪያው ቀን ስለሚያልቅ በየሳምንቱ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ነገር ግን 4 ዓመት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲደርስ ልጅ አዝሎ በእግር የወጣው ብዙ ነው፤ በዚያ ሰሞን በእጅ የሚገኝ ብር ማለት የልጅ ዳቦ ማለት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ዕቁብ እንኳን ችግር ሲመጣ ተለምኖ ተራ የሚያቀያይር ዳኛ አለው፤ የተቆለፈ ቶክን ግን የሚለመን ዳኛ የለውም።

ነጥብ የማያጠራቅሙ የክሪፕቶ መረቦችም አሉ። በካርዳኖ ቶክኑ ከራሳችሁ ዲጂታል ቦርሳ ሳይወጣ ድርሻ ያስገኛል፤ በፈለጋችሁት ሰዓት መላክ ትችላላችሁ። በኮስሞስ 21 ቀን ትጠብቃላችሁ። በኢቴሪየም ማውጣት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ሲሆን የመውጫ ወረፋ አለው። 21 ቀን ትንሽ የሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ሉና የተባለው ቶክን የሆነውን ያስታውስ፤ የማውጫው ጊዜ ያው 21 ቀን ነበር፣ ዋጋው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ምንምነት ወረደ። አስይዘው የነበሩት ሰዎች ገንዘባቸው ሲያልቅ ቁጭ ብለው አዩት።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? ገንዘቡ በዓመት ውስጥ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምና ወይም ለሱቅ ዕቃ ሊያስፈልገው የሚችል ሰው፣ መግዛቱ የማይቀር ከሆነ፣ መቆለፊያም ነጥብም የሌለውን ይምረጥ። የሚያነሰው ትርፍ ለዚህ ነፃነት የተከፈለ ዋጋ ነው፤ አይበዛም። ለዓመታት አልነካውም ብሎ ያስቀመጠው ትርፍ ገንዘብ ላለው እንደ ጂኤምኤክስ የመጀመሪያ ደንብ ተመጣጣኝ ቅጣት ያለው ያዋጣዋል።

ነጥብ ካጠራቀማችሁ በኋላ ልውጣ ወይስ ልቆይ ስትሉ ነጥቡን ወደ ብር ቀይሩና አስሉት። ነጥብ አይሸጥም፤ ዋጋው ወደፊት የሚያመጣው ተጨማሪ ድርሻ ብቻ ነው። በወር 200 ብር የሚጨምርላችሁ ነጥብ እንዳይቃጠል ብላችሁ በሳምንት 3,000 ብር እየወረደ ያለ ቶክን ይዛችሁ ከቆያችሁ፣ ያን ቀን የሚወስነው ስሌታችሁ ሳይሆን ፍርሃታችሁ ነው። ብዙ ከመግዛታችሁ በፊትም በጣም ትንሽ ገንዘብ አስገቡ፣ ወዲያው አውጡት፤ ማውጫውን ስትነኩ የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ስንት ነጥብ እንደሚቃጠል፣ የማስተላለፊያ ክፍያው ስንት እንደሆነ በወረቀት ጻፉት፤ ወረቀቱንም ለቤተሰባችሁ አሳዩ።