«ፋይት ናይት ቻምፒየን»ን በ12 ዙር መጫወት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ጌም ቤቶች ስክሪኑን ከጠዋት እስከ ማታ የሚይዘው እግር ኳስ ነው። ቦክስ የሚከፈተው ኳሱ ሲሰለች ወይም ሁለት ጓደኛሞች እልህ ሲጋቡ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ግጥሚያው በ3 ዙር ይሞላና ሁለቱም ጣታቸው እስኪዝል ቡጢ ያዘንባሉ፤ አንዱ ይዘረራል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ይህን ብቻ ያየ ሰው የቦክስ ጌም ጥልቀት የለውም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ኢኤ ስፖርትስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ያወጣው «ፋይት ናይት ቻምፒየን» ግን በእንዲህ ያለ አጨዋወት ሊመዘን የማይገባው ሥራ ነው። በርካታ ጌም ቤቶቻችን ዛሬም ፕሌይስቴሽን 3 ስለሚጠቀሙ በቀላሉ ይገኛል፤ ተረጋግቶ ለያዘው ሰውም ቦክስ ከጉልበት ይልቅ የትንፋሽ፣ የእግርና የርቀት ስፖርት መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

የጌም እውነተኛነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናወራው ስለ ምስል ጥራት ነው። ከዚሁ ተከታታይ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ፋይት ናይት ራውንድ 3» በዘመኑ ያስደነቀው፣ ቡጢ ባረፈ ቁጥር በሚረጨው ላብና በሚዛባው ጉንጭ ነበር። እኔ ግን ከምስሉ ይበልጥ የማደንቅለት የጉልበትና የትንፋሽ መጠን የሚያሳዩትን መስመሮች ከስክሪኑ ላይ ማንሣቱን ነው። ተጫዋቹ የቦክሰኛውን ሁኔታ ከአካሉ ማንበብ ግድ ሆነበት፤ ክንዱ ወርዷል ወይስ አልወረደም፣ እግሩ ከብዷል ወይስ ገና ይፈጥናል፣ ዐይኑ አብጧል ወይስ ያያል የሚለውን መከታተል ጀመረ። በእውነተኛው ሪንግ ማዕዘን ላይ የቆመ አሠልጣኝም የሚያየው ይህንኑ ነው። ምስል ጥልቀት የሚጨምረው እንዲህ መረጃ ሲሸከም እንጂ ለማማር ብቻ ሲሠራ አይደለም።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ትንፋሽ ነው። በወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የሚፈጁ 12 ዙሮች ሲኖሩ፣ በየመካከላቸው የ1 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ቀድሞ 15 ዙር የነበረው የቀነሰው፣ ደቡብ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1982 ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሲጋጠም በ14ኛው ዙር ተዘርሮ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ ካለፈ ወዲህ ነው። የመጨረሻዎቹ ዙሮች ከመጀመሪያዎቹ ጋር አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ስፖርቱ ራሱ በከባድ ዋጋ የተማረው ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት የማያሳይ ጌም ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር የቦክስ ጌም ልለው አልችልም። ቻምፒየን ያሳየዋል። የተሰነዘረ ቡጢ ሁሉ ትንፋሽ ይቀንሳል፤ የሳተው ካረፈው ይበልጥ ያደክማል፤ የደከመ ቦክሰኛ ደግሞ ቡጢው ይዘገያል፣ ኃይሉም ይሳሳል። የሐረጎን ዳገት ከኮምቦልቻ በሩጫ የጀመረ ሰው ደሴ ሳይደርስ ጉልበቱ እንደሚከዳው፣ ያለውን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የጨረሰ ተጫዋች ከ6ኛው ዙር በኋላ ክንዱን ለመከላከያ እንኳ ማንሣት ይቸግረዋል።

ሆድና ጎድን ላይ የሚያርፍ ቡጢ ትርጉም የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ጭንቅላት ላይ ያረፈ ቡጢ ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ ጎድን ላይ ያረፈው ግን ተጋጣሚው በየዕረፍቱ መልሶ የሚያገኘውን ትንፋሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ ፍሬው የሚታየው ከብዙ ዙር በኋላ ነው። እንግዲህ ጌም ቤቶቻችን የሚሞሉት 3 ዙር ከጌሙ ላይ ምን እንደሚወስድ አስቡት። ጎድን ላይ የተዘራው ሳይበቅል ግጥሚያው ያልቃል፤ ስለዚህ ጭንቅላት ላይ መዝነብ አዋጭ ይሆናል፤ ከዚያም «ይህ ጌም ቁልፍ መደብደብ ብቻ ነው» ይባላል። የቤቱን ባለቤቶች መውቀስ አይቻልም፤ ክፍያው በጨዋታ በሆነበትና ተረኛ በተሰለፈበት ቦታ አንድ ግጥሚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዲቆይ መጠበቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

ርቀትን በተመለከተ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው «ራውንድ 4» ነው። ከዚያ በፊት ቡጢ ወይ ያርፋል ወይ ይስታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጓንቱ በትክክል የት እንደደረሰ ስለሚሰላ፣ ትከሻ ነክቶ የሚያልፍ፣ በክርን የሚገታ፣ ግማሽ ኃይሉ ብቻ የሚያርፍ ቡጢ መጣ። ረጅም ክንድ ያለው ቦክሰኛ ጃቡን፣ ማለትም ከፊት ባለው እጅ የሚሰነዘረውን ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ፣ እየላከ ተጋጣሚውን ያርቃል፤ አጭሩ ደግሞ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ወደ ውስጥ ካልገባ ምንም አያገኝም። በጌሙ ሽፋን ላይ ረጅሙ መሐመድ አሊና አጭሩ ማይክ ታይሰን የተጣመሩትም ይህን ልዩነት አጉልተው ስለሚያሳዩ ይመስለኛል። ቻምፒየን ይህንኑ ወርሶ፣ የቀኙን አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋውን የመቆጣጠሪያውን ዱላ) በማጠማዘዝ ይሰነዘር የነበረውን ቡጢ ወደ አንድ አቅጣጫ በመግፋት ብቻ እንዲወጣ አደረገው። ፍጥነቱ ጨምሯል፤ ሁክና አፐርካትን (ከጎን እና ከታች ወደ ላይ የሚሰነዘሩትን ቡጢዎች) ለመላክ ይጠይቅ የነበረው ጥንቃቄ ግን በመጠኑ ቀንሷል፤ ለእኔ የቀድሞው ይሻል ነበር።

እግርን በሚመለከት፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጌም ቤት ያየሁት ግጥሚያ ከማንኛውም ማብራሪያ የተሻለ ይመስለኛል። አንድ ወጣት ቀኝ እግሩን አስቀድሞ በሚቆም ግራኝ ቦክሰኛ እየተጠቃ፣ የሚልከው ቀኝ ሁሉ አየር ላይ ይቀር ነበር። ከኋላው የተቀመጡ፣ በወጣትነታቸው ቦክስ የሠሩ አንድ አባት ቆይተው ጣልቃ ገቡ። «አብሽር ልጄ፣ እጁን ተወውና እግሩን ተመልከት። ግራኝ ነው እኮ! ግራ እግርህን ከእሱ ቀኝ እግር በስተውጭ አስቀምጥ፤ ያን ጊዜ ቀኝህ መንገድ ያገኛል።» ወጣቱ «እሺ ጋሼ» ብሎ ወደ ግራው መዞር ጀመረ፤ በዚያው ዙር ማብቂያ ላይ ሁለት ቀጥተኛ ቀኝ ቡጢዎች አገጭ ላይ አረፉለት። በእውነተኛ ሪንግ የሚሰጥ ምክር ሳይሸራረፍ በጌሙ ውስጥ ከሠራ፣ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ስፖርቱን ያውቁታል ማለት ነው። እኔ ጥልቀት የምለውም በቁልፍ ብዛት የሚለካውን ሳይሆን ይህን ነው።

ማንኛውንም የቦክስ ጌም የምፈትንበት አንድ ግጥሚያ አለኝ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1974 በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ዋና ከተማ በኪንሻሳ፣ የ32 ዓመቱ መሐመድ አሊ ገመዱን ተደግፎ የጆርጅ ፎርማንን ቡጢ በክንዱና በትከሻው እየተቀበለ አደከመውና በ8ኛው ዙር ዘረረው፤ ፎርማን እስከዚያ ቀን ድረስ ያደረጋቸውን 40 ግጥሚያዎች በሙሉ ያሸነፈ ሰው ነበር። ታዲያ አንድ ጌም በዚህ መንገድ ማሸነፍን ይፈቅዳል? ሁለቱም ቦክሰኞች በቻምፒየን ውስጥ ስላሉ ሊሞከር ይችላል። ፎርማንን የያዘው ሰው ከሆነ፣ በተለይም እልኸኛ ከሆነ፣ ስልቱ ይሠራል፤ በመከላከያ ላይ የሚያርፍ ቡጢ ላኪውን ያደክማልና። ፎርማንን ኮምፒዩተሩ ሲይዘው ግን ውጤቱ ያን ያህል አያረካም፤ ፎርማን የዚያን ዕለት የተሸነፈው በንዴትና ጨርሶ ለመገላገል ባለው ጉጉት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ንዴት የለውም። የሰውን ልብ ወደ ጌም ማስገባት እስካሁን ያልተፈታ ትልቅ ጥያቄ ይመስለኛል።

የጌሙ ታሪክ የሚተረክበት ክፍል ወደዚህ ጥያቄ በሌላ በር ይጠጋል። አንድሬ ቢሾፕ የተባለ ቦክሰኛ በተንኮል እስር ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ወጥቶ እንደገና ሲታገል እናያለን። ታሪኩ ራሱ ብዙ ጊዜ የተነገረ ዓይነት ነው፤ የየግጥሚያዎቹ ሁኔታ ግን በብልሃት የተዘጋጀ ነው። በአንደኛው ቀኝ እጁ ስለሚጎዳ በግራ ብቻ መዋጋት ግድ ይሆናል፤ ጃብን ንቆ የኖረ ተጫዋች ያን ዕለት ጃብ ይማራል። በሌላው ዳኝነቱ የተበላሸ ስለሆነ በነጥብ ማሸነፍ አይታሰብም፤ በዝረራ መጨረስ ብቻ ነው ያለው አማራጭ። እነዚህ ሁለት ግጥሚያዎች ከማንኛውም የልምምድ ክፍል ይበልጣሉ፤ ለጀማሪ የምመክረውም ከዚህ እንዲጀምር ነው።

ጉድለቶች አሉበት። ፍጥነቱ ከእውነተኛው ቦክስ ይበልጣል፤ ከባድ ሚዛኖች እንደ ቀላል ሚዛን ቦክሰኞች ይሰነዝራሉ፤ ይህም በመጠባበቅና በማታለል የሚያልፈውን የስፖርቱን ሰፊ ክፍል ያሳጥረዋል። ከዙር ዙር የሚሰጠው ነጥብም ለተጫዋቹ በቂ ማብራሪያ የለውም። አሸናፊ 10፣ ተሸናፊ 9 በሚባልበት አሠራር፣ ዳኛው ዙሩን ለማን እንደሰጠና ለምን እንደሰጠ መገመት የቦክሰኛው የዕቅዱ አካል ነው፤ ጌሙ ይህን ገመና ቢገልጥ ኖሮ በመጨረሻዎቹ ዙሮች የሚወሰደው ውሳኔ እጅግ በጠለቀ ነበር።

ከቻምፒየን በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ይህን የሚስተካከል ትልቅ የቦክስ ጌም አልወጣም። በእንግሊዝ ሼፊልድ የሚገኘው ስቲል ሲቲ ኢንተራክቲቭ የሠራው «አንዲስፒዩትድ» ሙሉ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሲሆን፣ ከ70 በላይ እውነተኛ ቦክሰኞችን ይዟል፤ እንደ ኬቲ ቴይለር ያሉ ሴቶችም ይገኙበታል። የእግር ሥራው ከቻምፒየን ይልቃል፤ መሬት ረግጦ መቆምና በጣት ጫፍ እየዘለሉ መንቀሳቀስ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ሆነዋል። ቡጢ ሲያርፍ እጅ ላይ የሚሰማው ክብደት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ዛሬም በቻምፒየን ይሻላል። ከዚህም በላይ አንዲስፒዩትድ የሚሠራው በፕሌይስቴሽን 5፣ በአዲሶቹ ኤክስቦክሶችና ጥሩ አቅም ባለው ኮምፒዩተር ብቻ ስለሆነ፣ ለአብዛኛው የወሎ ተጫዋች ገና ሩቅ ነው።

ስለዚህ ቻምፒየን ያለበት ጌም ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ ተረኛ በማይበዛበት በረፋዱ ሰዓት ሂዱና ባለቤቱን አነጋግራችሁ የሁለት ወይም የሦስት ጨዋታ ሒሳብ በመክፈል ግጥሚያውን በ12 ዙር አስሞሉት። ተመጣጣኝ ሚዛን ያላቸውን፣ ግን አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የሆኑትን ሁለት ቦክሰኞች ምረጡ። የመጀመሪያዎቹን 3 ዙሮች በጃብና በጎድን ቡጢ ብቻ ተጫወቱ፤ ከ7ኛው ዙር በኋላ የተጋጣሚያችሁ ክንድ ሲወርድ ወደ ጭንቅላት ውጡ።