ማይክ ወይስ መርፌ?

ሐዋሳ ላይ ዘፈን፣ ሞዴልነትና ፋሽን አንድ ላይ ለሚያምረው ሰው ጥያቄው «ከየቱ ልጀምር?» ነው።

ማይክና ካሜራ ቶሎ ያሳውቃሉ። ሐይቁ ዳር ሁለት ፎቶ፣ አንድ ምሽት መድረክ፣ በቃ። ግን እንጀራህ በሰው ስልክ ላይ ነው። አንድ ሰርግ ላይ እስኪነጋ ዘፍኜ «ሰኞ ደውል» ተባልኩ። ሰኞዋ እስካሁን አልደረሰችም።

መርፌ ቀርፋፋ ነው። ሳልባጅ ተራ ወርደህ ጂንስ ትመርጣለህ። ያለቀውን ጉልበት ትቆርጣለህ፣ በቦታው የዶርዜ ጥለት ትሰፋለህ። ከተጣመመ መፍታት ነው። ግን ጨርቅ አይጣልም፣ ሥራውም ያንተ ነው። ልብስ የሚሰፋበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ስፌት የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ሊያ ከበደ በሞዴልነት ከታወቀች በኋላ ነው በእጅ የሚሸመን ልብስ የሚሠራውን «ለምለም»ን በ2007 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው። እኔ ስሙ ስለሌለኝ ከመርፌው ጀምሬያለሁ። የሰፋሁትን ለብሼ እዘፍናለሁ።