ለጀማሪ የሚሆን ክራር፦ ከየካ አባዶ አለፍ ብሎ ካለ ሠሪ የገዛሁት

የመጀመሪያ ክራራችሁን ልትገዙ ከሆነ ከሁሉ በፊት መቃኛውን፣ ማለትም ክሩ የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን፣ እዩ። ጌጡ፣ የእንጨቱ ቀለም፣ ስፒከር ላይ ይሰካል አይሰካም የሚለው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በቅርቡ ከየካ አባዶ አለፍ ብሎ፣ ለገጣፎ መስመር ላይ ከሚሠሩ አንድ አባት ለእኔና ለልጄ ክራር ገዝቻለሁ። ስለ ዕቃውም ስለ ቤቱም ልጻፍላችሁ።

መቃኛ መቃኛ የምለው ያለ ነገር አይደለም። ጊታር አንዴ ከተቃኘ ጣት አንገቱ ላይ ክሩን እየተጫነ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ያወጣዋል። ክራር ግን የሚጫኑት አንገት የለውም፤ አንዱ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። አምስቱ ክሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ድምፅ በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ ቀጥን ወይም ወፈር አድርጎ) ይደግማል። ስለዚህ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር ክሩን ራሱን ማጥበቅ ወይም ማላላት ግድ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ የቃኛችሁትን ትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመቀየር እንኳ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ጀማሪ ጆሮው ገና አልተገራም። በየደቂቃው የሚላላ ክራር ይዞ ከተለማመደ ጆሮው የሚለምደው የተበላሸውን ቅኝት ነው፤ ስንቱ ሰው «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ብሎ የተወው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ለቱሪስት ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች የተሰቀሉት ክራሮች በጣም ያምራሉ፤ ዛጎሉ፣ ጨሌው፣ ቋሚዎቹ ላይ የተጠመጠመው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ክር። ለግድግዳ ግሩም ናቸው። አንዱን አውርጄ ክሩን ላጠብቅ ብሞክር መቃኛው እጄን ስለቅ ተመልሶ ይዞራል። ቋሚው ገበቴው (ቆዳ የሚወጠርበት የታችኛው ሣህን) ውስጥ የገባበት ቦታም ሲነኩት ይወዛወዛል። ዋጋው ደግሞ ሠሪው ከሚጠይቁት አይቀንስም።

ሠሪው ጋ ለመድረስ ከመገናኛ የአባዶን ታክሲ ይዞ መጨረሻ ላይ መውረድና ከዚያ ባጃጅ መያዝ ነው። ታፔላ የለውም። ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ደጁ ላይ ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ ፀሐይ ላይ ተደግፎ ካያችሁ እሱ ነው። «ጋሼ፣ ለጀማሪ የሚሆን በተመጣጣኝ ዋጋ ፈልጌ ነበር» ስላቸው ዋጋ ከመንገራቸው በፊት «ማን ሊጫወተው ነው? አንቺ ነሽ ወይስ ልጅቷ?» አሉኝ። ሁለታችንም አልኳቸው። ልጄን በርጩማ ላይ አስቀምጠው አንድ ትልቅ ክራር ሰጧትና ግራ እጇን ከኋላ በኩል በቋሚዎቹ መካከል አሳልፋ ጣቶቿን ክሮቹ ላይ እንድታሳርፍ አደረጓት። ትንሿ ጣቷ የመጨረሻውን ክር አልደረሰችበትም። ሲገረፍ የማይፈለገውን ክር አፍኖ ዝም የሚያሰኘው ያ እጅ ነው፤ ካልደረሰ ሁሉም ክር አብሮ ይጮኻል። ምንም ሳይሉ ክራሩን ተቀብለዋት ቋሚዎቹ ጠበብ ያሉትን፣ ገበቴው ከዋንዛ የተጠረበውን አነስ ያለ አወረዱላት። ሻጭ ሳይሆን አስተማሪ ነው የመሰሉኝ።

ያ ክራር በሁለት ዓይነት ይሠራል። ክሩ እንደ ጥንቱ ቀንበሩ ላይ፣ ማለትም ሁለቱን ቋሚዎች ከላይ በሚያገናኘው እንጨት ላይ፣ ተጠምጥሞ የሚቃኘው 2,800 ብር ነው። የጊታር መቃኛ የተገጠመለት 3,600 ብር። እኔ ሁለተኛውን ወሰድኩ። ክራር ወዳዶች «ወጉ ጠፋ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ በእርግጥም ብረቱ ከላይ ስለሚከብድ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻዋን፣ ስልክ ላይ በሚጫን ነፃ መቃኛ አፕ እየታገዘች ስድስቱንም ስትቃኝ እያየሁ 800 ብሩ አይቆጨኝም።

የወደድኩት ደግሞ አያጣድፉም። ቃኝተው ሰጡኝና «በይ ግረፊው፣ አትሳሺለት» አሉኝ። ቡና እስኪፈላ ገረፍኩት፤ ከዚያ እንደገና በስልኩ አየነው። ሦስተኛው ክር ወርዶ ነበር። አዲስ የናይለን ክር እስኪሳብ ድረስ እንደሚለቅ ነገሩኝ፣ ክሩን በሁለት ጣት ቀስ እያሉ ሳብ አደረጉትና መልሰው ቃኙት። ቤትም እንደዚያው ሳደርግ ሰነበትኩ፤ አሁን ጠዋት የቃኘሁት ማታም እዚያው ነው። ሌላ ቦታ ብትገዙም ይህን አድርጉ፦ ቃኙ፣ በደንብ ግረፉ፣ ቆይታችሁ መልሳችሁ እዩ። የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰማችሁ በርኩማው (ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው) ቆዳው ላይ በደንብ መቀመጡን ተመልከቱ። ቆዳውን በጥፍር መታ መታ አድርጉት፤ ዳሩም መሐሉም ጠንከር ያለ ድምፅ መስጠት አለበት። ጠረን ካለው በደንብ አልደረቀም ማለት ነው፣ ተዉት።

ስለ ቆዳ ካነሣሁ አይቀር፣ እኛ ሰፈር ብርዱ የከፋ ነው። በክረምት ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ድምፁም ይደፈናል። የአሜሪካኖቹ ባንጆም ድሮ ፊቱ የጥጃ ቆዳ ስለነበር በዚሁ ችግር ይቸገሩ ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አብዛኛው ወደ ፕላስቲክ ዞሯል። የእኛ ክራር አሁንም የፍየል ቆዳ ነው፤ ለዚያ ለስላሳ ድምፁ ስል ይቆይልኝ እላለሁ። ዝናብ ሲሆን ከግድግዳው አርቄ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። ከሰል አጠገብ ግን አታስጠጉት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል።

የጎደለው? መያዣ ቦርሳ የለውም፤ ባጃጅ ላይ ነጠላዬን አልብሼ ነው ያመጣሁት። ቆዳውን ከጀርባ የወጠሩበት ጠፍር ጫፉ ሳይከረከም ስለቀረ ልብስ ይይዛል፤ በመቀስ ከርክሜዋለሁ። ትርፍ ክርም አይሸጡም። ድምፁ የብረት ገበቴ ካላቸው ዝቅ ይላል፤ ለሳሎን ይበቃል፣ ለድግስ አይሆንም።

ስፒከር ላይ የሚሰካውም አላቸው፣ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። ለመጀመሪያ ክራር አልመክርም። የክራር ተጫዋቾቹን እነ አስናቀች ወርቁን፣ እነ ካሳ ተሰማን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ልቤን የሚነካው ክራር ብቻውን፣ ከሰው ድምፅ ጋር ሲሰማ ነው። ልጄም መጀመሪያ በዚያ ድምፅ ትደግ። ገንዘቡ ከተረፋችሁ የሚያስተምር ሰው ፈልጉበት።

እሑድ አይሠሩም። ቅዳሜ ጠዋት ብትሄዱ ጊዜ ሰጥተው ያናግሯችኋል፤ ክፍያ በጥሬም በቴሌብርም ይቀበላሉ። ለልጅ የምትገዙ ከሆነ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እጁን ሳያዩ አይሸጡላችሁም።